የጂብሊ ደካማው ፊልም የቱ ነው? ሳይኳረፉ መከራከር እንዴት ይቻላል

የጃፓኑ አኒሜሽን ስቱዲዮ የጂብሊ ወዳጆች ሲሰባሰቡ «ምርጡ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ ያልቃል። አንዱ «ስፒሪትድ አዌይ» ይላል። ሌላው «ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ» ይላል። ሌላዋ ቶቶሮን ታነሳለች፣ ሁሉም ይስማማል፣ አለቀ። ጨዋታው የሚሞቀው «ደካማውስ?» ሲባል ነው። የጂብሊ አፍቃሪ ወንድሙን ራሱ እንደልቡ እየወቀሰ ጎረቤት ሲወቅስበት ግን ዱላ እንደሚያነሳ ሰው ነው። እሱ «ያ ፊልም አይረባም» ማለት ይችላል፣ እናንተ ስትሉት ግን ጉድ ይፈላል።

ችግሩ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ«ደበረኝ» እና ከ«ስላልገባህ ነው» አያልፍም። ይሄ ጽሑፍ ከዚያ ለማለፍ ለሚፈልጉ ነው። ለሁለት ሰውም ለአስር ሰውም ይሠራል። የሚያስፈልጋችሁ ፊልሞቹ፣ አንድ ቅዳሜና እሁድ እና ትንሽ ትዕግስት ነው።

ደረጃ 1፦ ዝርዝሩን አጥሩ

ጂብሊ የተቋቋመው በ1985 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ሲቋቋም ከጀርባው የነበሩት ሁለቱ ዳይሬክተሮች ሀያኦ ሚያዛኪና ኢሳኦ ታካሃታ፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ፕሮዲውሰሩ ቶሺዮ ሱዙኪ ናቸው። እንግዲህ የ1984ቱን «ናውሲካ» ሁሉም የጂብሊ አድርጎ ቢቆጥረውም የተሠራው ቶፕክራፍት በሚባል ሌላ ስቱዲዮ ነው። የ2016ቱ «ሬድ ተርትል» ደግሞ ከአውሮፓውያን ጋር በጋራ የተሠራ ነው፣ ዳይሬክተሩም ሆላንዳዊ ነው። ሁለቱንም አውጧቸው። ናውሲካን ደካማ የሚል ሰው ማግኘት ስለሚከብድ ብዙም አይቀርባችሁም።

የሚያጨቃጭቁት ለቴሌቪዥን የተሠሩት ናቸው። እነሱም የ1993ቱ «ኦሽን ዌቭስ» እና በ2020 መጨረሻ በጃፓኑ ኤንኤችኬ ጣቢያ የታየው «ኢርዊግ ኤንድ ዘ ዊች» ናቸው። «ለቲቪ ስለሆነ አይቆጠርም» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። እኔ ይገባሉ ባይ ነኝ። ስቱዲዮው ሠርቷቸዋል፣ ስሙን ለጥፎባቸዋል፣ በቃ።

ደረጃ 2፦ መለኪያው አንድ ይሁን

ይሄ ደረጃ ከተዘለለ ቀሪው ከንቱ ነው። አንዱ ስለ ሥዕሉ ያወራል፣ አንዱ ስለ ታሪኩ፣ ሌላው ስለ ገቢ፣ ሌላዋ ደግሞ ስንት ጊዜ እንቅልፍ እንደወሰዳት ትናገራለች፣ ሁሉም ልክ ነው፣ ማንም ግን ለማንም እየመለሰ አይደለም።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይሄ ነው፦ ፊልሙ ራሱ የጀመረውን ነገር ጨርሶታል ወይ? ትልቅ ይሁን ትንሽ ግድ የለም። ትንሽ ነገር ጀምሮ በደንብ የጨረሰ ፊልም ትልቅ ነገር ጀምሮ ከበተነ ፊልም ይሻላል። ሌላ መለኪያ ካላችሁ በሱ ሂዱ፣ ግን አንድ ይሁን፣ ሁሉም ሰው ክርክሩ ሳይጀመር ይወቀው።

በነገራችን ላይ «ከሚገባው በላይ ተወድሷል» የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የሆነ ሰው መነሳቱ አይቀርም፣ የ2004ቱ «ሃውልስ ሙቪንግ ካስል» መጨረሻው ተጣድፏል፣ ጦርነቱ ከየት መጥቶ የት እንደገባ አይታወቅም ይላል። እውነቱን ነው። ግን ያ ፊልም የትም ቢያስቀምጡት መጨረሻ ላይ አይወጣም። ለሌላ ቀን ያዙት።

ደረጃ 3፦ እንደገና እዩ

ከአምስት ዓመት በፊት ግማሹን ስልክ እየነካኩ ባዩት ፊልም መከራከር አይቻልም። ደግነቱ ብዙዎቹ ተከሳሾች አጭር ናቸው። «ኦሽን ዌቭስ» 72 ደቂቃ፣ «ዘ ካት ሪተርንስ» 75፣ «ኢርዊግ» 82። ሦስቱ ተደምረው 4 ሰዓት አይሞሉም። ረጅሙ የ2006ቱ «ቴልስ ፍሮም ኧርዝሲ» ነው፣ ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል፣ ስታዩት ደግሞ ከዚያም በላይ ይመስላል።

አሜሪካ ያላችሁ ኤችቢኦ ማክስ ላይ፣ አዲስ አበባም ሆነ አውሮፓ ያላችሁ ኔትፍሊክስ ላይ አብዛኞቹን ታገኛላችሁ። ከቻላችሁ ሁላችሁም በጃፓንኛው ድምፅ ከጽሑፍ ትርጉም ጋር እዩት። የእንግሊዝኛው ድምፅ አንዳንዴ ፊልሙን ይቀይረዋል። በ1994ቱ «ፖም ፖኮ» ውስጥ ታኑኪ የሚባሉት እንስሳት በጃፓን ተረት እንደሚባለው የወንድ ዕቃቸውን ከረጢት እንደ ምንጣፍ ይዘረጉታል፣ እንደ ጃንጥላም ወርደው ይንሳፈፉበታል። እንግሊዝኛው ኪስ ብሎ አልፎታል። ያንን ብቻ የሰማ ሰው ግማሹ ቀልድ አምልጦታል፣ ከዚያ «አያስቅም» ቢል አትፍረዱበት።

ደረጃ 4፦ «አልተመቸኝም»ን ከ«ደካማ ነው» ለዩ

ለዚህ ጥሩ መለማመጃ የታካሃታ የ1999 ፊልም፣ «ማይ ኔይበርስ ዘ ያማዳስ» ነው። ብዙ ሰው ሲያየው «ይሄ ጂብሊ ነው እንዴ?» ይላል። ደን የለም፣ የሚበር ነገር የለም፣ ሥዕሉ ንድፍ ብቻ ይመስላል፣ ታሪኩም ከጋዜጣ ካርቱን የተወሰደ ቁርጥራጭ ነው። ጃፓን ውስጥም ገቢው አላጠገበም። ስለዚህ ቶሎ ከታች ይመደባል።

ግን መለኪያውን አምጡ። ፊልሙ አንድ ተራ ቤተሰብን ከነስንፍናው ከነፍቅሩ ላሳይ ብሎ ተነሳ፣ አሳየ። አባትየው ማታ ወጥቶ የሚረብሹትን ሞተረኛ ጎረምሶች የሚገጥምበትን ክፍል እዩ። እስከዚያ ቀለል ያለው ሥዕል በድንገት ይከብዳል፣ ሰዎቹ የእውነት ሰው መምሰል ይጀምራሉ፣ ፍርሃቱም የእውነት ይሆናል። ይሄን ያሰበበት ሰው ነው የሠራው። ባይመቻችሁ መብታችሁ ነው፣ ደካማ ግን አይደለም።

«ኦሽን ዌቭስ» እና የ2002ቱ «ዘ ካት ሪተርንስ»ም በዚሁ ያልፋሉ፣ ብዙ አልቆይባቸውም። የመጀመሪያው ለወጣት ባለሙያዎች በፍጥነትና በርካሽ እንዲሠሩት የተሰጠ ነው (በመጨረሻ ጊዜውም ብሩም አልበቃም)። ሁለተኛው ደግሞ ለመዝናኛ ፓርክ ከታሰበ አጭር ሥራ ተነስቶ ያደገ ነው። ሁለቱም ትንሽ ናቸው፣ ትንሽነታቸውንም ያውቁታል። የድመቶቹ ፊልም ልጆች ካሉበት ቤት እንዲያውም ከብዙዎቹ በላይ ይታያል።

ደረጃ 5፦ ክሳችሁን በአንድ ትዕይንት አስረዱ

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚጣፍጠው። «ታሪኩ ደካማ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ «የቱ ጋ?» በሉት። የደቂቃ ቁጥር አምጣ አትበሉት፣ አንድ ትዕይንት ግን ይጥቀስ።

ለምሳሌ «ቴልስ ፍሮም ኧርዝሲ»ን እንውሰድ። ፊልሙ ገና ሲጀምር ልዑል አረን ንጉሡን፣ የገዛ አባቱን፣ በጩቤ ወግቶ ሰይፉን ይዞ ይሸሻል። ከዚህ የከበደ አጀማመር ጂብሊ ውስጥ የለም። ተመልካቹ ለምን ብሎ ይጠብቃል። ይጠብቃል። ፊልሙ ግን ስለ ጥላ፣ ስለ ሞት ፍርሃት፣ ስለ ዓለም ሚዛን መዛባት በረጅሙ ያወራል እንጂ ለዚያ ጩቤ የሚመጥን መልስ አይሰጥም። ፊልሙ የተነሳባቸውን መጻሕፍት የጻፈችው ኧርሱላ ለጊን ራሷ ይሄንኑ ነው የወቀሰችው። ግድያው በመጽሐፎቿ ውስጥ የለም፣ በፊልሙም ምክንያት አልተሰጠውም አለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጅቷ ተሩ ድንገት ዘንዶ ሆና ታርፋለች። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው «እ?» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም።

ይሄ ክስ ማለት ነው። ትዕይንቱ አለ፣ የተጀመረው ነገር አለ፣ ያልተጨረሰው አለ። ተከላካዩም መልስ መስጠት ይችላል፦ ሰማዩንና ከተማውን እዩት፣ ተሩ ሜዳው ላይ ስትዘፍን ስሙ ይላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ ያ ዘፈን ብቻውን ግማሽ ነጥብ ያወጣል።

አሁን «ኢርዊግ»። ሁሉም ሰው የሚከሰው በኮምፒውተር በ3ዲ ስለተሠራ ነው፣ ፀጉሩ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ፊታቸው አሻንጉሊት ነው ይላሉ። ሥዕሉ እንደማያምር እኔም አልክድም። ግን ይሄ ሰነፍ ክስ ነው። ሥዕሉን እርሱትና ታሪኩን ብቻ ተከተሉ። አንዲት ሕፃን የልጆች ማሳደጊያ በር ላይ ተጥላ ትገኛለች። አድጋ አንዲት ጠንቋይና አንድ ቁጡ ሰውዬ ይወስዷታል። ቤቱ ውስጥ ድሮ እነዚህ ሁለቱ ከእናቷ ጋር አንድ የሮክ ባንድ እንደነበራቸው ፍንጭ እናገኛለን። እናትየው ለምን ሸሸች? ባንዱ ለምን ፈረሰ? ልጅቷ ታውቃለች ወይስ አታውቅም? እነዚህ ሁሉ ይጠራቀማሉ፣ ከዚያ በገና ዕለት በሩ ይንኳኳል፣ እናትየው ቆማለች፣ ፊልሙ አለቀ። የሚጀምርበት ቦታ ላይ አቆመ። የኔ ድምፅ ለዚህ ነው። አንደኛ ደካማ «ኢርዊግ»፣ ሁለተኛ «ኧርዝሲ»።

ደረጃ 6፦ አባትና ልጁን ተዉአቸው

ሁለቱም ፊልሞች የጎሮ ሚያዛኪ ናቸው፣ የሀያኦ ልጅ። ስለዚህ ክርክሩ ወዲያው ወደ ሐሜት ይገባል። ልጁ ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም፣ የአትክልት ቦታ ንድፍ ባለሙያ ነበር፣ ሚታካ ያለውን የጂብሊ ሙዚየምም መርቷል፣ አባትየው «ኧርዝሲ» ለሠራተኞች ሲታይ በመሃል ተነስቶ ወጣ፣ ወዘተ። እውነት ነው፣ ደግሞም ወሬው ይጣፍጣል። ለቡና ሰዓት አስቀምጡት። «ልጁ ስለሆነ ተሰጠው» ማለት ፊልሙ ለምን እንደማይሠራ አያስረዳም።

ለሐሜቱ መልስ ከፈለጋችሁ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ጎሮ በ2011 የሠራው «ፍሮም አፕ ኦን ፖፒ ሂል» የጃፓን አካዳሚን የዓመቱ ምርጥ አኒሜሽን ሽልማት አግኝቷል፣ መጀመሪያ ያነሳውንም በእርጋታ ይጨርሳል። ሁለተኛ፣ «ኢርዊግ» ይሠራ ብሎ ሐሳቡን ያመጣው ራሱ ሀያኦ ነው።

ደረጃ 7፦ ድምፅ አሰጣጥ

በደፈናው እጅ አታስወጡ። ያልታየ ፊልም አይከሰስም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ያላየው ፊልም በነፃ ያመልጣል። «ኦሽን ዌቭስ» አሜሪካ ሲኒማ ቤት የደረሰው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስንቱ ሰው አይቶት ነው የሚፈርድበት? ድምፅ የሚሰጠው ሁላችሁም ባያችኋቸው ላይ ብቻ ይሁን።

እያንዳንዱ ሰው ሦስት ደካማ ፊልሞች በወረቀት ይጻፍ። ለደካማው 3፣ ለቀጣዩ 2፣ ለሦስተኛው 1 ነጥብ። ወረቀቱ ከመሰብሰቡ በፊት ግን ሁሉም ሰው አንደኛ ላደረገው ፊልም አንድ ደቂቃ ጠበቃ ይቁም። አዎ፣ ለዚያው ለጠላው ፊልም። የሚናገረው ነገር ያጣ ሰው ወይ ፊልሙን በደንብ አላየውም፣ ወይ የያዘው ክስ በጣም ጠንካራ ነው። ሰሚዎቹ ይለዩታል። ሐሳቡን የቀየረ ወረቀቱን ያርም፣ ነውር የለውም።

ሁለት ፊልም እኩል ነጥብ ካመጣ ለሦስተኛ ዙር አትከራከሩ፣ ይመሻል። የሁለቱንም የመጨረሻ 10 ደቂቃ መልሳችሁ ክፈቱና ያኔ እጅ አውጡ። በነዚያ 10 ደቂቃዎች ስልኩን የነካ ሰው ድምፅ የለውም።