ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት፦ ያረጀ የማርቲኒክ ሩም አመራረጥና አጠጣጥ

ያረጀ ሩም ልግዛ ብሎ ለሚያማክረኝ ሁሉ መጀመሪያ የምለው አንድ ነው። ዋጋውን ከማየትህ በፊት ጠርሙሱን አዙረህ ጽሑፉን አንብብ።

የማወራው የፈረንሳይ ግዛት በሆነችው የካሪቢያን ደሴት፣ በማርቲኒክ ስለሚሠራው አግሪኮል ሩም ነው። አብዛኛው የዓለም ሩም የሚወጣው ከሞላሰስ ነው፤ ስኳር ተመርቶ ካበቃ በኋላ ከሚተርፈው ጥቁር ፈሳሽ ማለት ነው። አግሪኮል ግን በቀጥታ ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ይሠራል። የተቆረጠ አገዳ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ሳይውል ሳያድር መጨመቅ አለበት። ለዚህ ነው ፋብሪካዎቹ ማሳው አጠገብ ያሉት። በርሜል ውስጥ ዓመታት የቆየ ጥሩ አግሪኮል እንኳ ያንን የእርጥብ ሣር ሽታ አይለቅም። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ከእንጨቱና ከማሩ ጣዕም ኋላ ማሳው አለ።

ወደ ጽሑፉ እንመለስ። የማርቲኒክ አግሪኮል ከ1996 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ ሕግ የተጠበቀ መጠሪያ አለው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያሉት ቃላት ለጌጥ የተጻፉ አይደሉም። «ቪዩ» (ያረጀ) ለመባል ከ650 ሊትር በታች በሚይዝ የኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት። ከዚያ በላይ ያሉት የዕድሜ ደረጃዎች ደግሞ፦ ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ከሆነ ቢያንስ 4፣ ኤክስ.ኦ. ከሆነ ቢያንስ 6 ዓመት።

«ሚሌዚም» የሚል ከነዓመተ ምሕረቱ ካያችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሩሙ በሙሉ በዚያ አንድ ዓመት የወጣ ነው ማለት ነው። ሌላው ጊዜ ጠማቂዎቹ ጣዕሙ እንዳይለዋወጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን በርሜሎች ያደባልቃሉ። ሚሌዚም ላይ መደባለቅ የለም። ዝናብ የበዛበት ዓመትም ሆነ ፀሐይ ያየለበት፣ እንዳለ ይቀርባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠርሙሱ ላይ 1998 ስላለ ብቻ ዕድሜውን እስከ ዛሬ አትቁጠሩ። የታሸገበትን ዓመት ፈልጉ። በ2008 ከታሸገ የ10 ዓመት ሩም ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላም የ10 ዓመት ሩም ነው። ሩም የሚያረጀው በርሜል ውስጥ እንጂ ጠርሙስ ውስጥ አይደለም። የታሸገበትን ዓመት ካላገኛችሁ ሻጩን ጠይቁ። መልስ ከሌለው እኔ ብሆን አልገዛም።

10 ዓመት ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በካሪቢያን ሙቀት በርሜሉ ውስጥ ያለው በየዓመቱ ወደ 8 በመቶ ገደማ ይተናል። ፈረንሳዮች ይህን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። ኮኛክ (ከወይን የሚወጣው የፈረንሳይ መጠጥ) በሚሠራበት ቀዝቃዛ አካባቢ ድርሻው 2 በመቶ አካባቢ ነው። በ8 በመቶ ስሌት 200 ሊትር የያዘ በርሜል የጎደለው እየተተካ ካልተሞላ ከ10 ዓመት በኋላ የሚተርፈው 87 ሊትር ግድም ነው። ዋጋው ለምን እንደሚወደድ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

የምትጠጡትን ነገር ታሪክም እወቁ። የማርቲኒክ አገዳ የተተከለውና የታጨደው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት ነው፤ ነፃ የወጡት በግንቦት 1848 ነው። ቆይቶ አውሮፓ ከስኳር ቀይ ሥር የሚወጣ ስኳር በብዛት ማምረት ስትጀምር የአገዳ ስኳር ዋጋ ወደቀ። ገበሬው ጭማቂውን ስኳር ከማድረግ ይልቅ ወደ ሩም አዞረው። በግንቦት 8 ቀን 1902 ደግሞ የደሴቱ እሳተ ገሞራ፣ የፔሌ ተራራ ፈነዳ። የሩም ንግድ ማዕከል የነበረችው ሴንት ፒየር ከነሕዝቧ ጠፋች። በኋላ የሩም ጠማቂ የሆነው ቪክቶር ዴፓዝ ያን ቀን ፈረንሳይ ለትምህርት ሄዶ ስለነበር ተረፈ፤ ቤተሰቡ ግን አለቀ። ተመልሶ በ1917 እዚያው ተራራው ሥር የሩም ፋብሪካውን አቆመ። ዛሬም ይሠራል። የዴፓዝን ጠርሙስ በከፈትኩ ቁጥር ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ብርጭቆው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ያዙ። ሁለት ጣት የሚሆን ቅዱና 15 ደቂቃ ተዉት። በረዶ አትጨምሩ። ሎሚና ስኳሩ ላላረጀው ነጭ ሩም ይሁን፤ የደሴቱ ሰዎች ቲ ፖንሽ የሚሉት እሱ ነው። ስታሸቱ አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱ፤ አፋችሁን ገርበብ አድርጋችሁ ከራቅ ብላችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያዋ ፉት ምላስ ለማላመድ ብቻ ናት፤ በእሷ አትፍረዱ። ሁለተኛዋን አፋችሁ ውስጥ አቆዩዋት። ካቃጠላችሁ ሦስት ጠብታ ውኃ በቂ ነው።

ጠርሙሱን አቁማችሁ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ካጋደማችሁት አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከግማሽ በታች ሲወርድ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡት፤ አየር ሽታውን ይሰርቀዋል።

ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ብርጭቆውን አትጠቡት። ጠረጴዛው ላይ ይደር። ጠዋት አንስታችሁ አሽቱት። አልኮሉ በሌሊት ተንኖ ያልቃል። የሚጠብቃችሁ ደረቅ እንጨት፣ ትምባሆና የአገዳ ሽታ ነው። እኔ ስለ አንድ ጠርሙስ የመጨረሻ ፍርዴን የምሰጠው ያን ጊዜ ነው።