ማንበብና መፃፍ የሚያስተምሩ አስተማሪዎችን እንዴት እናሰልጥን? (አሸዋው ላይ ብቻ እንዳይቀር)

በብዙ የስሜት ህዋሳት (በአይን፣ በጆሮ፣ በአፍና በእጅ አንድ ላይ) ማስተማር ሲባል ለብዙ አሰልጣኝ ቶሎ የሚታየው አሸዋ፣ ጭቃና ባለቀለም ካርድ ነው። ደስ ይላል፣ አስተማሪዎቹም ይወዱታል፣ ግን ክፍል ሲገቡ ልጁ አሸዋ ላይ ፊደል ይስላል እንጂ አያነብም። ሳሙኤል ኦርተን የሚባል የነርቭ ሀኪምና አና ጊሊንግሃም የምትባል የትምህርት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለማንበብ ለሚቸገሩ ልጆች ዘዴውን ሲያበጁት እኮ ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነበር፣ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ያለፈውን በየቀኑ እየከለሱ። እጅ፣ አይን፣ ጆሮና አፍ አብረው የሚሰሩት እሱን ለማገዝ ነው። ስልጠናውም በዚ መንገድ ይሂድ።

1. መጀመሪያ አስተማሪዎቹ ማንበብ ይቸገሩ
ከራሳችሁ የፈጠራችሁትን ስድስት ምልክት ሰሌዳ ላይ ፃፉ፣ ድምፃቸውን አንዴ ብቻ ተናገሩና ወዲያው በነሱ የተፃፈ ቃል አስነብቡ። ጎበዝ የሚባለው ሳይቀር ይገምታል፣ ጎን ያለውን ያያል። ከዛ ያንኑ ምልክት ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ፣ እያስደገማችሁ፣ እያስፃፋችሁ አስተምሩ። ልዩነቱን ራሳቸው ያወሩታል፣ ስላይድ አያስፈልግም።

2. ፊደሉን እንደ አዲስ ይዩት
አስተማሪው ማንበብ ስለቻለ ፊደሉ እንዴት እንደሚሰራ ያውቃል ማለት አይደለም። ቡ፣ ሉ፣ ሱ ላይ ጎን ያለችው ጭረት ካዕብነትን እንደምታሳይ፣ ሩና ፉ ግን ከዚ ወጣ እንደሚሉ በቃሉ ማስረዳት መቻል አለበት። ተ እና ቸ መልካቸውም ድምፃቸውም ስለሚቀራረብ በአንድ ሳምንት አይሰጡም። አለ የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለያያል፣ ፅሁፉ ግን አያሳይም፣ ይሄን አስተማሪው ካላወቀ ልጁ ላይ ይቆጣል። በግሩፕ ሆነው የትኛው ፊደል መቼ እንደሚመጣ ራሳቸው ይደርድሩ፣ ይከራከሩበት። እኔ ብሆን ለዚ ግማሽ ቀን እሰጣለሁ።

3. ሶስቱን ልምምድ በአፍና በእጅ
ካርድ አይቶ ድምፁን መናገር፣ ድምፅ ሰምቶ እየደገመ መፃፍ፣ ካርዶች አገጣጥሞ ማንበብ። ለሶስተኛው ር ቦታዋ ላይ ትቀመጥና ፊቷ ያለው ብቻ ይቀያየር፦ ሳር፣ ዳር፣ ጋር፣ ባር። ልጁ ቃሉን በመልኩ መሸምደድ ስለማይችል ግድ እያንዳንዱን ፊደል ያያል። ሲፅፍ ደሞ ድምፁን እየተናገረ ነው፣ ዝም ብሎ ከገለበጠ ልምምዱ ባዶ ነው።

4. ሶስት ሶስት ሆነው ይጫወቱት
አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ቼክሊስት ይዞ የሚያይ፣ ከዛ ይቀያየሩ። ተማሪ የሆነው ሆን ብሎ ይሳሳት፣ ምክንያቱም ስልጠና ላይ የሚረሳው እርማት ነው። ለምሳሌ ልጁ ዳርን ጋር ብሎ ካነበበ "ተሳስተሃል" ብሎ መልሱን መንገር ሳይሆን ር ን በጣት ሸፍኖ "ይሄ ምን ይላል?" ማለት፣ ካላወቀው መንገር፣ ድምፁን እያለ በጣቱ እንዲከተለው ማድረግ፣ ከዛ ሙሉ ቃሉን እንደገና ማስነበብ ነው። ይሄን አስር ጊዜ ያህል ካልደጋገሙት ክፍል ውስጥ አይመጣላቸውም፣ በቃ ወደ ለመዱት ይመለሳሉ።

5. የማይቀያየር ሌሰን ፕላን ስጧቸው
ክለሳ፣ አዲስ ፊደል፣ ቃል ማንበብ፣ ቃለ ፅህፈት፣ አጭር ፅሁፍ አንብቦ ስለ ትርጉሙ ማውራት። የመጨረሻዋ እንዳትዘለል፣ ትርጉም የሌለው ንባብ ጩኸት ነው። የሚነበበው ፅሁፍ የተማሩትን ፊደል ብቻ የያዘ ይሁን።

6. ከስልጠናው በኋላ ክፍል ግቡ
ሰርተፍኬት ሰጥቶ መለያየት ገንዘብ መጣል ነው። ቢያንስ መጀመሪያ አካባቢ በየሳምንቱ አንድ ሰው ክፍል ገብቶ ይይ፣ ሲወጣ አንድ ጥሩ ነገርና አንድ የሚስተካከል ነገር ብቻ ይናገር፣ ዝርዝር አያብዛ። ያየው ነገር ለአስተማሪው የስራ ውጤት መሙያ ከሆነ ግን በሚቀጥለው የሚያየው የተለማመዱትን ድራማ ነው። ስልጠናው መስራቱን ለማወቅ ልጆቹን ለየብቻ ከዚ በፊት ያላዩትን ቃል አስነብቧቸው፣ ደብተራቸውን አትመኑ፣ ከሰሌዳ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል።