የቴክሳስ እስር ቤቶች መምሪያ ሥልጣን እንዴት ይታደሳል? አስተያየትስ መቼ ይሰጣል?

በቴክሳስ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቀን ተቆርጦላቸዋል፤ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በጊዜው ካላደሳቸው ይፈርሳሉ። ይህን የደነገገው በ1977 የወጣው የሰንሴት፣ ማለትም የጀምበር መጥለቂያ ሕግ ነው። ከ100,000 በላይ እስረኛ የሚይዘው የወንጀል ፍትህ መምሪያም ከዚህ አያመልጥም። ዳላስ ወይም ሂውስተን የሚኖርና የታሰረ ዘመድ ያለው ሰው ሂደቱን ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ ቀኑን ከመምሪያው ማቋቋሚያ ሕግ ፈልጉና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ባለፈው ዙር ቀኑ ሴፕቴምበር 1፣ 2025 ስለነበር፣ መምሪያው ስለ ራሱ የጻፈውን ግምገማ ማስረከብ የነበረበት በ2023 ከሴፕቴምበር በፊት ነው። ሰነዱን አንብቡት፤ ችግሮቹን በራሱ አንደበት ይናገራል።

ቀጥሎ 12 አባላት ያሉት የሰንሴት ኮሚሽን ሥራ ይጀምራል፦ 5 ሴናተሮች፣ 5 የተወካዮች ምክር ቤት አባላትና 2 ከሕዝብ የተሾሙ። ምርመራውን የሚያካሂዱትና ሪፖርቱን የሚጽፉት ግን ባለሙያዎቹ ናቸው። ስለዚህ ሐሳባችሁን ሪፖርቱ ሳይወጣ በጽሑፍ ላኩ። አብዛኛው ሰው የሚነቃው ረቂቁ ምክር ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ ያኔ አንዲት መስመር ማስለወጥም ጭንቅ ነው።

ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ ይጠራል። ጠበቃ አያስፈልግም። የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ አንድ ነጥብ ብቻ ያዙ። የአንድ እስረኛ መዝገብ ይዞ መቅረብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት አይደለም። በደሉን አስረዱ፣ ከዚያ የትኛው አሠራር በሕግ ቢለወጥ እንደማይደገም ንገሯቸው። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር፣ ለምሳሌ በበጋ ለሚነድዱት ክፍሎች ማቀዝቀዣ ማስገባት፣ በዋናነት የሚወሰነው በበጀት ሕጉ ነው። እሱን ለበጀት ኮሚቴዎቹ ጻፉ።

ኮሚሽኑ ድምፅ የሰጠበት ሐሳብ ረቂቅ ሕግ ይሆናል። ምክር ቤቱ መደበኛ ጉባኤውን የሚያካሂደው በጎዶሎ ዓመት ከጃንዋሪ ጀምሮ ለ140 ቀናት ብቻ ነው። ረቂቁ በሴኔቱም በተወካዮች ምክር ቤቱም አልፎ ለገዥው ይቀርባል፤ እድሳቱ ከ12 ዓመት አይበልጥም። ማለፍ ያለበት ረቂቅ ስለሆነ ሁሉም የራሱን ጉዳይ ሊያንጠለጥልበት ይሞክራል፤ ጭቅጭቁ ቀኑን ይበላዋል። በ2017 ለሐኪሞች ፈቃድ የሚሰጠው የሕክምና ቦርድ እድሳት ሳያልፍ ጉባኤው በመዘጋቱ ገዥው ልዩ ጉባኤ ለመጥራት ተገድዷል።

እድሳቱ ቢቀር እንኳ የእስር ቤቱ በር በማግስቱ አይከፈትም። ሕጉ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራውን እንዲዘጋ እስከሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ጊዜ ይሰጠዋል።