ዕቃ ቤት የከረመ ኮምፒውተር እንዴት ይነሳል?

አጎቴ ደብረ ብርሃን ላይ ማመልከቻና ውል ይጽፉበት የነበረው ፔንቲየም ኮምፒውተር ዕቃ ቤት ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ጥር የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ሲፈለግ ትዝ አለንና አወጣነው። «ተው ልጄ፣ ቀስ በል» እያሉኝ ሰካሁት። ጧ! ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው።

ስለዚህ ከመሰካት አትጀምሩ። ከፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ጀርባ ብዙ ጊዜ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አለ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 115 ላይ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። በካቻቢቴ ገፋ አድርጋችሁ 230 ላይ አውሉት። የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ግን አይከፈት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይይዛል። በሌላ ይቀየር። ሲገዛ ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ሶኬት ጋር መግጠሙን አረጋግጡ።

ሁለተኛው ጠላት የአገራችን ብርድ ነው። ከውርጭ ወጥቶ ከሰል የተያያዘበት ክፍል የገባ ብረት እንደ መነጽር ያልበዋል። ሳይሰካ አንድ ሌሊት ይደር።

ሲከፈት ጠረጴዛ ላይ ይሁን እንጂ ባና ወይም ብርድ ልብስ ላይ አይሁን። በበጋ ሌሊት ባና ሲገፈፍ ብልጭ ብልጭ ሲል አይታችኋል አይደል? ያ ብልጭታ እኛን አይጎዳንም፣ ራሙን (የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ግን ሊገድለው ይችላል። መጀመሪያ የሳጥኑን ብረት ነካ አድርጉ፤ ከዚያ አቧራውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ አራግፉ። ማዘርቦርዱ ላይ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር (ትንሽ ቆርቆሮ የሚመስል ክፍል) ካለ ጥገና ቤት ውሰዱት። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በነጭ ላጲስ ፈግፍጉ፤ ሲበራ ደጋግሞ የሚጮህ ማሽን ብዙ ጊዜ በዚህ ዝም ይላል። ሳንቲም የምትመስለውን 2032 ባትሪ ቀይሩ።

አሁንም ማብራቱ ይቆይ። ሃርድ ዲስኩን ፈትታችሁ፣ ከአይዲኢ (ከድሮ ዲስኮች መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ በሚያገናኝ ገመድ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ፣ ያለውን ሁሉ ገልብጡ። ቀጭ ቀጭ ካለ ወዲያው ንቀሉት። የአጎቴን ዲስክ ያዳነው ዕድል ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ሲፈነዳ ዲስኩ ተረፈ።

ዲስኩን መልሳችሁ ግጠሙና አብሩ፤ ወዲያው ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ስትጫኑ በአብዛኛው ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ይከፈታል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ፤ ባዮስ ጳጉሜን አያውቅም። ሃርድ ዲስኩን አውቶ ላይ አድርጋችሁ ሴቭ ብላችሁ ውጡ። ዊንዶውስ 98 ከሆነ ከ512 ሜጋባይት በላይ ራም አትጨምሩለት፤ ይደናበራል።

ዋናው ጉዳይ ፊደሉ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ ስለነበራቸው፣ የአጎቴ ፋይል አዲሱ ላፕቶፕ ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ነው የታየው። መፍትሔው አሮጌው ማሽን ውስጥ ነበር፦ ዊንዶውስ ከሚለው ማህደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ገልብጣችሁ፣ ፋይሉ የተጻፈበትን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ላፕቶፑ ላይ ጫኑ።

ደንቡ ተከፈተ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ አንቀጽ 4 አነበቡና ሳቁ፦ ወርሃዊ መዋጮው 5 ብር ይላል።