ጎርበጥ ያለ የኪችን ወለል እንዴት ይቀየራል፦ ራሳችን እንስራው ወይስ ባለሙያ እንጥራ?

የኛ ቤት ደብረ ብርሃን ነው። የኪችኑ ሴራሚክ የተነጠፈው እኔ ትንሽ ልጅ እያለሁ ነው፣ እና ሽንኩርት ከእጅ ካመለጠ የትም ይውደቅ ተንከባሎ ተንከባሎ ፍሪጅ ስር ነበር የሚገኘው። ምድጃው አንዱ እግሩ ስር የታጠፈ ካርቶን አለው፣ ሲንኩ ስር ውሃ ይቋጥራል፣ በሩ ጋ ያሉት ሁለት ሴራሚኮች ሲረገጡ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። እማዬ "ይሄን ነገር አንድ በሉት" ስትል ስትል ባለፈው ዓመት ገባንበት። ግማሹን ራሴ ሰራሁት፣ ግማሹን ባለሙያ ሰራው፣ ሁለታችንም አንዳንድ ነገር ስላበላሸን እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምፅፈው።

ከሁሉ በፊት ሴራሚክ ሱቅ አትሂዱ። ወለል የሚጎረብጠው በሴራሚኩ ሳይሆን ከስሩ ባለው ነገር ነው፣ የቱንም ያህል ውድ ሴራሚክ ብታነጥፉበት ስሩ ካልተስተካከለ በሁለት ዓመት ያው ናችሁ።

መጀመሪያ ማንኳኳት

የመጥረጊያ እንጨት ያዙና እያንዳንዱን ሴራሚክ መሀሉንም አራቱንም ጥግ አንኳኩ። ስሩ የሞላ ሴራሚክ ድፍን ያለ ድምፅ አለው፣ ባዶ የሆነው ደግሞ እንደ ባዶ ጀሪካን ያስተጋባል፣ አንዴ ከሰማችሁት አይጠፋችሁም። ባዶዎቹን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዛ 2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ (ግንበኞቹ ስታጃ የሚሉት) ወለሉ ላይ አጋድሙና ከስሩ የት የት ክፍተት እንዳለ እዩ። ለ60 በ60 ሳንቲም ሴራሚክ በ2 ሜትር ውስጥ ከ3 ሚሊ በላይ ክፍተት ካለ ማስተካከል ግድ ነው።

አሁን መወሰን ይቻላል። ወለሉ ልክ ሆኖ አምስት ስድስት ሴራሚክ ብቻ ከለቀቀ ራሳችሁ ስሩት፣ የቅዳሜና እሁድ ስራ ነው። ወለሉ በብዛት ባዶ ከሆነና ከፍና ዝቅታው እስከ 2 ሳንቲም ከሆነ የኔ ምክር ማፍረሱን ራሳችሁ አድርጉ፣ ማስተካከሉንና ማንጠፉን ለባለሙያ ስጡ፣ ምክንያቱም ማፍረስ ጉልበት እንጂ ሙያ አይፈልግም፣ ብዙ ብርም ይቆጥባል። ስንጥቁ ከወለል አልፎ ግድግዳ ላይ ከወጣ ወይ አንዱ ጥግ በግልፅ ከሰመጠ ግን ሴራሚክ ሰራተኛ ሳይሆን ደህና ግንበኛ ነው የሚጠራው። እኛ አካባቢ ብዙ ቦታ መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፣ እነዋሪ በኩል የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል በጋ ተሰነጣጥቆ ይሸሻል። ያ አፈር ሳይወጣ፣ ገረጋንቲም (የማያብጥ የመሙያ አፈር) ሳይሞላና በደንብ ሳይጠቀጠቅ ወለል የፈሰሰበት ቤት በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ከሆነ ኮንክሪቱን ሰብሮ ከስር መጀመር እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ማፍረስ

የጋዝ ሲሊንደሩን አውጡ፣ ውሃውን ከቆጣሪው ዝጉ፣ የወለል ፍሳሽ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፉት (እኔ ረስቼው የሴራሚክ ፍርካሽ ገብቶ ቧንቧ ሰራተኛ አስጠራኝ)። መነፅርና ማስክ ያስፈልጋል፣ ሴራሚክ ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ነው የሚፈናጠረው፣ አቧራውም ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ውሃ ረጨት ረጨት እያደረጋችሁ ስሩ። ከለቀቀው ሴራሚክ ጀምሩ፣ የብረት መሮውን ጋደም አድርጋችሁ ከስሩ አስገቡና ምቱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ከመታችሁ ግን ኮንክሪቱን ነው የምትቦረቡሩት። ፍርስራሹን በግማሽ ጆንያ ሙሉት፣ ሙሉ ጆንያ ማንም አያነሳውም።

"አሮጌው ላይ ደርበን ብናነጥፍስ?" የሚል አይጠፋም። ይቻላል፣ ግን አሮጌው በደንብ የያዘና ልክ የሆነ ሲሆን ብቻ፣ ላዩም ተፍቆ መሻከር አለበት። ወለሉም ከፍ ስለሚል የበሩን ስር መላግ ይመጣል። ለሚጎረብጥ ወለል ግን አይሆንም።

ስሩ ከተገለጠ በኋላ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቃችሁ አሳድሩ። ጠዋት ከስሩ ላብ ካለው እርጥበት ከመሬት እየመጣ ነው ማለት ነው፣ ሳይጣራ ወደ ፊት አትሂዱ።

ማስተካከል (ዋናው ስራ እዚህ ጋ ነው)

ውሃ ልክ በቀጭን የፕላስቲክ ጎማ ይወሰዳል። ውስጡ የሚያሳይ ጎማ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ ግድግዳ ላይ ብትይዙት ውሃው የሚቆምበት ቦታ እኩል ነው፣ በዚህ ግድግዳው ዙሪያ መስመር አስምሩ፣ ከመስመሩ ወደ ታች በየቦታው ለኩ። ትልቁ ቁጥር ያለበት ዝቅተኛው ቦታ ነው። ፍሳሽ ካለ በሜትር 1 ሳንቲም ያህል ወደሱ ዘንበል ይበል፣ ከሌለ ልክ ይሁን።

አሸዋውን ፈትሹ። በጠርሙስ ግማሽ አሸዋ ግማሽ ውሃ አድርጋችሁ በጥብጡና አሳድሩት፣ ከላይ ወፍራም ጭቃ ከተኛ ሻጩ አፈር ነው የሸጠላችሁ። ለሙሌቱ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ፣ ውሃው ደግሞ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርፁን እስኪይዝ ብቻ። ለ12 ካሬ ኪችን በ3 ሳንቲም ውፍረት አንድ ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎው ሶስት ከረጢት ይበቃል። አሮጌውን ኮንክሪት ጠርጋችሁ አርጥቡ፣ ቀጭን የሲሚንቶ ቦያካ (በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ) ቀቡበት፣ ቦያካው ሳይደርቅ ሙሌቱን ጨምሩና በስታጃ ጎትቱት። ከዛ ቢያንስ ለ7 ቀን እያረጠባችሁ በላስቲክ ሸፍኑ።

እዚህ ጋ ነው እኔ የተበላሸሁት። ጊዜው ህዳር ነበር፣ ከሰአት ዘግይቼ ጨረስኩና አቧራው ይውጣ ብዬ መስኮቱን ከፍቼ ሄድኩ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ የህዳር ውርጭ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ስመጣ ላዩ በጣት ሲነካ እንደ ሽሮ ዱቄት ይራገፋል። ሲሚንቶ ከ5 ዲግሪ በታች ስራውን ሊያቆም ይደርሳል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጉልበቱ አለቀ። ሙሉ ፍቄ እንደገና ሰራሁት። ከጥቅምት እስከ ጥር የምትሰሩ ከጠዋቱ 3 ሰአት በኋላ ጀምሩ፣ 9 ሰአት ላይ አቁሙ፣ መስኮት ዝጉ፣ ላስቲክ ላይ ጆንያ ደርቡ። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋሮቢት ያላችሁት ተቃራኒ ነው ችግራችሁ፣ ሙቀቱ ውሃውን ቶሎ ስለሚመጠው በቀን ሶስት አራቴ ማርጠብ አለባችሁ።

ሴራሚክ መግዛት

ለኪችን የሚያብረቀርቅ አትግዙ፣ ዘይት ሲንጠባጠብበት በረዶ ነው፣ ማት ይሁን። ባለ 60 በ60 አብዛኛውን ጊዜ አራቱ በካርቶን ሆኖ 1.44 ካሬ ነው፣ 12 ካሬ ላይ 10 ከመቶ ለስብራት ጨምራችሁ 10 ካርቶን ግዙ። ካርቶኖቹ ላይ ያለው የባች ቁጥር አንድ አይነት መሆኑን ሱቁ ውስጥ እያላችሁ እዩ፣ ቀለሙ ትንሽ ይለያያል፣ ቤት ከተነጠፈ በኋላ ነው የሚታወቀው። ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ፣ ቶሎ ከመጠጠው ተራ ሴራሚክ ነው፣ በሲሚንቶም ይይዛል። ጠብታው እንዳለ ከቆመ ፖርስሊን ነው፣ እሱ በሴራሚክ ሙጫ ብቻ።

ማንጠፍ

መጀመሪያ በደረቁ ደርድሩት። በር ላይ ሙሉ ሴራሚክ ይምጣ፣ ቁርጥራጩ ፍሪጅ ስር ይደበቅ። ጥጉ ስኳድራ (ልክ 90 ዲግሪ) መሆኑን በ3፣ 4፣ 5 አረጋግጡ፣ በአንዱ ግድግዳ 3 ሜትር በሌላው 4 ሜትር ለክታችሁ ሰያፉ 5 ሜትር ከመጣ ልክ ነው።

ሙጫውን በግማሽ ሰአት ከምትጨርሱት በላይ አትበጥብጡ። በጥርሳም ካዞላ (ጠርዙ ጥርስ ባለው የሙጫ መቀቢያ) ወለሉ ላይ ጎትቱት፣ ለትልቅ ሴራሚክ ጀርባውንም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ አስቀምጡና በጎማ መዶሻ ምቱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት መልሳችሁ አንሱና ጀርባቸውን እዩ፣ ሙጫ ያልነካው ቦታ ካለ ተጨማሪ ያስፈልጋል። በመሀል 3 ሚሊ ስፔሰር (ክፍተቱን እኩል የምታደርገው ትንሽ ፕላስቲክ)፣ ከግድግዳው ደግሞ ግማሽ ሳንቲም ክፍተት ተዉ፣ ግድግዳው ስር ዙሪያውን የሚለጠፈው ዙኮሎ ይሸፍነዋል። ከውስጥ ጀምራችሁ ወደ በር ውጡ፣ ሳቅ እንዳይሆንባችሁ።

ቢያንስ 24 ሰአት፣ በብርድ ጊዜ 48 ሰአት አይረገጥ። ከዛ ፊለር (በሴራሚኮቹ መሀል ያለውን ክፍተት መሙያ)። ብዙ ሰው ነጭ ሲሚንቶ ይሞላል፣ ለሻወር ቤት እሺ፣ ኪችን ውስጥ ግን በርበሬና ዘይት በወር ውስጥ ቡናማ ያደርገዋል፣ ግራጫ ፊለር ግዙ። ሰያፍ እየጎተታችሁ ሙሉ፣ ትንሽ ሲጠነክር በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉ።

ባለሙያ ከጠራችሁ

ዋጋ በካሬ ነው የሚነገረው፣ ስለዚህ ማፍረስ፣ ሙሌት፣ ዙኮሎና ፍርስራሽ ማውጣት ውስጡ መኖሩን በፊት ጠይቁና ወረቀት ላይ አስፍሩት፣ አለበለዚያ መሀል ላይ "እሱ ሌላ ነው" ይመጣል። እቃ ራሳችሁ ግዙ። ቀብድ ትንሽ ስጡ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከማንኳኳት በኋላ አድርጉት። ከዚህ በፊት የሰራውን ቤት ፎቶውን በስልክ ሳይሆን ሄዳችሁ እዩ፣ የቤቱን ባለቤት አስፈቅዳችሁ አንኳኩ።

እኛ ያመጣነው ሰውዬ እጁ ፈጣን ነበር፣ መስመሩ እንደ ክር፣ ግን ሙጫውን አምስት ቦታ ጠብ ጠብ እያደረገ ነበር ለካ የሚያስቀምጠው። እኔ ስራ ነበርኩ፣ አላየሁም። በሶስተኛው ሳምንት እማዬ ሙቀጫውን አስቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ስትወቅጥ አንዱ ጥግ ቋ! አለ። አንኳኳሁት፣ ባዶ። ደውዬ ብነግረው "ሙቀጫ ማን ሴራሚክ ላይ ይወቅጣል" አለኝ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ታዲያ ኪችን ለምን ይሰራል? አራት ሴራሚክ ራሴ አውጥቼ ቀየርኩ፣ ሙቀጫው ስርም የመኪና ጎማ ቁራጭ ገባ። እናንተ ግን የመጀመሪያው ቀን አጠገቡ ቁሙ፣ አንድ ሴራሚክ አስነሱና ጀርባውን እዩ፣ የሚቆጣ ባለሙያ ከሆነ ያኔ ተለያዩ።

በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ አትጀምሩ፣ ማድረቁን ጨምሮ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ስራ አይደለም፣ ዳቦ የሚጋገርበት ቦታ አጥታችሁ ጎረቤት ትቸገራላችሁ። የተረፈውን ሴራሚክም አትስጡ አትሽጡ፣ ያ ባች ዳግመኛ አይገኝም። እኔ አንድ ካርቶን አልጋ ስር አስቀምጬ ነበር፣ እማዬ አንዷን አውጥታ የትኩስ ድስት ማስቀመጫ አድርጋታለች፣ ሶስት ቀርተዋል።