በህንድ ሙዚየሞች ስብስብ ላይ ለመሥራት ገንዘብ ሲጠየቅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በህንድ ሙዚየሞች ስብስብ ላይ ጥናት ለማካሄድ፣ ወይም ከስብስቡ ተነሥቶ አዲስ የጥበብ ሥራ ለመሥራት የሚሰጥ ገንዘብ አለ፤ ብዙ ግን አይደለም። ጥቂት የመንግሥት ፌሎሺፖች፣ ማለትም ለአጥኚ ወይም ለከያኒ ለተወሰነ ጊዜ የሚከፈሉ ድጋፎች፣ እና በጣት የሚቆጠሩ ፋውንዴሽኖች ይሰጡታል። አብዛኛው ማመልከቻ የሚወድቀው ሐሳቡ ደካማ ስለሆነ ነው ብዬ አላምንም። የሚወድቀው አመልካቹ ሙዚየሙን ከማወቁ በፊት ገንዘቡን ስለፈለገ ነው፤ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመዘዙትም ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያውና የከፋው ስህተት ዕቃውን ሳያውቁ ስለ ዕቃው ቃል መግባት ነው። በማመልከቻው ላይ «የደቡብ ህንድን የነሐስ ምስሎች አጠናለሁ» ተብሎ ይጻፋል። የትኞቹን? በ1851 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው የቼናይ የመንግሥት ሙዚየም በደቡብ ህንዱ የቾላ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነሐሶቹ የታወቀ ነው፤ ጎብኚ በአዳራሽ የሚያያቸውና በግምጃ ቤት የተቀመጡት ግን የተለያዩ ናቸው፤ የአጥኚው ጥያቄም በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። በ1878 በወጣው የተቀበረ ሀብት ሕግ መሠረት፣ ዋጋው ከ10 ሩፒ በላይ የሆነ ነገር ከመሬት ውስጥ ያገኘ ሰው ለአውራጃው አስተዳዳሪ ማሳወቅ ግዴታው ነበር፤ ብዙ የነሐስ ምስሎችም ሙዚየም የደረሱት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ከአንዳንዱ ምስል ጀርባ መንደሩን፣ የተገኘበትን ቀንና ያገኘውን ሰው የሚጠቅስ የደብዳቤ ልውውጥ ሊኖር ይችላል። «ሦስት ነሐሶችን ከተገኙበት ጊዜ ደብዳቤዎች ጋር አመሳክሬ አነባለሁ» ያለ አመልካች ሙዚየሙን እንደሚያውቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስመሰከረ፤ «የቾላ ጥበብን ውበት እመረምራለሁ» ያለው ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊጽፈው የሚችለውን ነገር ጻፈ። ዕቃው በመዝገብ መኖሩን፣ ያለበትን ሁኔታና ለዕይታ ይፈቀድ እንደሆነ ሳያረጋግጡ የሚቀርብ ፕሮፖዛል ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደተባለው ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘውን ችግር በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ኢትዮጵያዊ ወዲያው ይረዳዋል፤ ርክክብ ነው። በብዙ የህንድ የመንግሥት ሙዚየሞች አንድ ስብስብ በአንድ ኃላፊ ስም የተያዘ ነው፤ ለጎደለውም ተጠያቂው እሱው ነው። ኃላፊው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲዛወር ስብስቡ በመዝገብ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ ግምጃ ቤቱን ለእንግዳ የሚከፍት ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የስድስት ወር ፌሎሺፕ ይዞ የሄደ ሰው አራቱን ወር በር ላይ ሊያሳልፍ ይችላል ማለት ነው። ከማመልከት በፊት ለስብስቡ ኃላፊ መጻፍ፣ ከተቻለም በአካል መሄድ ያስፈልጋል፤ ሲሄዱ ደግሞ የሃይደራባዱ ሳላር ጁንግ ሙዚየም አርብ፣ በ1814 የተመሠረተው የኮልካታው የህንድ ሙዚየም ደግሞ ሰኞ ዝግ መሆናቸውን ማወቅ ይበጃል።

ሌላው ስህተት ገንዘብ ሰጪዎችን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየትና ያንኑ ጽሑፍ ለሁሉም መላክ ነው። የህንድ የባህል ሚኒስቴር ለከፍተኛና ለጀማሪ ፌሎዎች የሚሰጠው ድጋፍ ለግለሰቡ በየወሩ የሚከፈል ነው፤ በመመሪያው መሠረት ለከፍተኛዎቹ 20,000፣ ለጀማሪዎቹ 10,000 ሩፒ ለሁለት ዓመት ይከፈላል። የጀማሪዎቹ ዕድሜ ከ25 እስከ 40 ሲሆን፣ ከ40 በላይ ያለው ለከፍተኛው ይወዳደራል። ይህ ገንዘብ ሙምባይ ላይ የቤት ኪራይ እንኳን እንደማይሸፍን ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ሌላ መተዳደሪያ ላለው ሰው የታሰበ ድጋፍ አድርጎ ማየት ይሻላል። የታጎር ብሔራዊ ፌሎሺፕ ግን አመልካቹ በሚኒስቴሩ ሥር ካሉት ተቋማት በአንዱ ውስጥ ሆኖ የዚያኑ ተቋም ስብስብ እንዲያጠና ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ የተቋሙ ስም ለማሟያ ተብሎ የሚጻፍ ሳይሆን የጥናቱ እምብርት ነው። በ1993 ተመሥርቶ ከ1995 ጀምሮ ድጋፍ የሚሰጠው የቤንጋሉሩው ኢንዲያ ፋውንዴሽን ፎር ዘ አርትስ በበኩሉ አጥኚንም ከያኒንም ይቀበላል፤ ማመልከቻውም በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በሌሎች የህንድ ቋንቋዎች ሊጻፍ ይችላል። በታሚል ወይም በማራቲ የሚያስብ ሰው ሐሳቡን በተውሶ እንግሊዝኛ ማጉበጡ ከንቱ ድካም ነው። ቻርልስ ዋላስ ኢንዲያ ትረስት ደግሞ በዋናነት ህንዳውያንን ወደ ብሪታንያ ስለሚልክ፣ እዚያው ህንድ፣ ጃይፑር ከተማ ለሚሠራ ሥራ ለእሱ ማመልከት በር መሳሳት ነው።

ኢትዮጵያውያንም የሚሳሳቱት በር አለ። በህንድ የባህል ግንኙነት ምክር ቤት ስኮላርሺፕ የተማሩ ብዙዎች ስላሉን ያው ገንዘብ የሙዚየም ሥራንም እንደሚሸፍን ይታሰባል፤ የተቋቋመው ግን ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ርዕሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የሐበሻውን የማሊክ አምባርን ታሪክ ነው፤ በባርነት ተሽጦ የህንድ ደቡባዊ አምባ የሆነው ዴካን የደረሰ፣ በኋላም የአሕመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ በ1626 የሞተ ሰው ነው። ነገር ግን ከታወቁት ሥዕሎቹ አንዱ፣ ሃሺም የተባለው ሠዓሊ የሣለው፣ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው፤ የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕል ደግሞ ደብሊን ቼስተር ቢቲ ሙዚየም ይገኛል። ሥዕሎቹን ለማየት የህንድ ጉዞ ወጪ የጠየቀ ሰው የት እንዳሉ እንዳላጣራ ገምጋሚው ወዲያው ይገባዋል። ህንድ ውስጥ ያለውን የጽሑፍ ማስረጃ የሚፈልግ ደግሞ ፋርስኛን የሚያነብ፣ እንዲሁም ማራቲ ይጻፍበት የነበረውን የሞዲ ፊደል የሚያነብ ሰው ክፍያ በበጀቱ ካላካተተ መዝገቡን አቅፎ ይቀመጣል።

ፈቃድን እንደ አንድ ነገር መቁጠርም የተለመደ ስህተት ነው። ዕቃውን ማየት፣ ፎቶ ማንሣትና ፎቶውን ማሳተም ሦስት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፤ ክፍያቸውም ይለያያል። ዕቃው የሙዚየሙ ንብረት ነው ማለት የቅጂ መብቱም የሙዚየሙ ነው ማለት አይደለም። በ1957 የወጣው የህንድ የቅጂ መብት ሕግ የሠዓሊውን ሥራ ከሞተ በኋላ ለ60 ዓመት ስለሚጠብቅ፣ በ1906 የሞተው የራጃ ራቪ ቫርማ ሥዕል ከመብቱ ነፃ ሲሆን በ1972 የሞተው የጃሚኒ ሮይ ሥዕል ግን እስከ 2032 መጨረሻ የተጠበቀ ነው።

ከያንያን ለብቻቸው የሚሠሩት ስህተት የሙዚየሙን ዕቃ ለራሳቸው ሥራ እንደ ጌጥ ማሰብ ነው። በሙምባይ በ1872 ለሕዝብ የተከፈተውና እድሳቱ ተጠናቆ በ2008 ዳግም የተከፈተው የዶክተር ባው ዳጂ ላድ ሙዚየም የዛሬ ከያንያን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸክላ ምስሎቹና ከእንጨት ቁም ሳጥኖቹ ጋር እየተነጋገሩ እንዲሠሩ ሲጋብዝ ቆይቷል፤ በ2011 የሙምባዩ ከያኒ የጂቲሽ ካላት ሥራ በዚያው ቀርቧል። በእንዲህ ያለ ቦታ ምስማር የት እንደሚመታ፣ መብራቱ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ቁም ሳጥኑን ማን እንደሚከፍት መጠየቅ የሥራው አካል ነው። «ዕቃውን ተውሼ በሌላ አገር አሳያለሁ» የሚል ዕቅድ ያለው ደግሞ በ1972 የወጣውን የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ያንብብ፤ 100 ዓመት የሞላው ዕቃ፣ የብራና ወይም የወረቀት ጽሑፍ ሲሆን 75 ዓመት የሞላው፣ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይቆጠራል፤ ከአገር የሚያወጣውም ማዕከላዊው መንግሥት ወይም እሱ የወከለው አካል ብቻ ነው።

ስለ በጀት ብዙ አልልም። የህንድ የበጀት ዓመት ከሚያዝያ 1 እስከ መጋቢት 31 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሂሳብ የሚጻፈውም በላክ፣ ማለትም በመቶ ሺህ፣ ስለሆነ 1,00,000 የሚለውን ኮማ አይቶ መደናገጥ አያስፈልግም። ለራስ ድካም ክፍያ አለመጻፍ ትሕትና አይደለም፤ ገምጋሚው ሥራው በምን እንደሚኖር ይጠራጠራል።

የመጨረሻው ስህተት ግን ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ የሚገለጥ ስለሆነ የሚያሳዝን ነው። የውጭ ገንዘብ ወደ ህንድ የሚገባበት ሕግ በ2010 ወጥቶ በ2020 በጣም ጠብቋል፤ ከማሻሻያው ወዲህ የተመዘገበ ድርጅት የተቀበለውን የውጭ ገንዘብ ለሌላ ድርጅት ማስተላለፍ አይችልም፤ ለአስተዳደር የሚያውለውም ከ50 በመቶ ወደ 20 በመቶ ወርዷል። አውሮፓ ወይም አሜሪካ የተገኘን ድጋፍ «በአጋር ድርጅቱ በኩል ለሙዚየሙ ይተላለፋል» ብሎ ያቀደ ሰው፣ ሙዚየሙ በግል ትረስት፣ ማለትም በግል የአደራ ተቋም፣ የሚተዳደርና በዚህ ሕግ ያልተመዘገበ ከሆነ፣ ደብዳቤው በእጁ እያለ ገንዘቡ ባንክ ደጃፍ ይቀራል። ስለዚህ ለስብስቡ ኃላፊ በሚጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ስለ ዕቃው ከሚቀርበው ጥያቄ ቀጥሎ ሙዚየሙ የውጭ ገንዘብ መቀበል ይችል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱ አይችልም ከሆነም ድጋፉ በአጥኚው በራሱ ስም እንዲሆን ከገንዘብ ሰጪው ጋር መነጋገር የሚቻለው ውል ሳይፈረም ነው።