አቼቶ ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን እዩት

አምና ዐቢይ ጾም ሲገባ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሙሉ ቃሪያ ደፋሁ። አቼቶው እንዲበረክትልኝ ብዬ ለአንድ እጅ አቼቶ ሦስት እጅ ውሃ ጨምሬበት ነበር። በአሥረኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ከላይ ሻግቷል፣ ቃሪያው ላሽቆ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ከቅዳሜ ገበያ መርጬ ያመጣሁት ቃሪያ ነበርና በጣም አንገበገበኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠርሙሱን ወረቀት አንብቡ። ለምግብ የሚሆን አቼቶ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ አሲድ አለው። ለማቆየት ከዚያ በታች የሆነውን አትግዙ፣ የምትጨምሩት ውሃም ከአቼቶው አይብለጥ። እንዳይበላሽ የሚይዘው አሲዱ ነው።

እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ግማሽ ሊትር ነጭ አቼቶ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ስኳር። በማይዝግ ድስት አፍሉት፤ አሉሚኒየም አይሁን፣ አሲዱ ይበላዋል። ቃሪያውን አጥባችሁ አድርቁትና ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ አድርጉት፣ ካልተሰነጠቀ አቼቶው ውስጡ ስለማይገባ ከላይ እየተንሳፈፈ ይቀራል። ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጉበት። ሽንኩርቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጡ፣ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ቀለም ነው፣ ይበላል።

ጠርሙሱን ቀቅሉት። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ሌላ አገር 10 ደቂቃ በቂ ነው ቢሉም እኔ 20 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ከዚያ ትኩሱን አቼቶ ቃሪያው እስኪሸፈን ድረስ አፍስሱበት፣ ሲበርድ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። በሳምንቱ ይደርሳል። ፍሪጅ ከሌላችሁ ትንሽ ትንሽ ሥሩና በሁለት ሦስት ቀን ጨርሱት።

ለካሮትና ለጥቅል ጎመንም ነጩ ይሻላል፣ ቀለማቸውን አይለውጥም። የአፕል አቼቶ ቡናማ ነው፣ ለስለስ ይላል፣ ለቀይ ሥርና ለቀይ ሽንኩርት እሱን እመርጣለሁ። የወይኑን ለሰላጣ አስቀምጡት፣ ቃሪያ ላይ መጨረስ ያሳዝናል።

እማዬ የኮመጠጠ ጠላ አትደፋም። ልክ ናት፣ አቼቶም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው፣ አልኮሉን ባክቴሪያ ወደ አሲድ ይለውጠዋል። ግን አሲዱ ስንት እንደሆነ አይታወቅምና ለማቆየት አትጠቀሙበት።

ለቤት ሥራ ርካሹ ነጭ አቼቶ ይበቃል። የውሃ ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ አፍልታችሁ ለግማሽ ሰዓት ተዉትና አለቅልቁት። ለመስኮትም ያው ውህድ ነው፣ በጋዜጣ መወልወል። የጎርጎራ ዓሣ ያጸዳችሁበት እጅና መክተፊያ ላይ አቼቶ አፍስሱ፣ ሽታውን ያጠፋዋል። ሰላጣ በአቼቶ ውሃ መዘፍዘፍ ጥሩ ነው፣ ግን ጀርሙን ሁሉ አይገድልም፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠቡ አይቅር።

እብነ በረድ ላይ አታድርጉት፣ ይበላዋል። ከሁሉም በላይ ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅሉት! ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፣ ሳንባ ይጎዳል። በተለይ ሽንት ቤት ስታጥቡ አንዱን አፍስሳችሁ ሌላውን አትጨምሩበት።

ቃሪያው ሲያልቅ የተረፈውን አቼቶ ለሌላ ዙር አትጠቀሙበት፣ አትክልቱ ውሃውን ለቆበት ቀጥኗል። ለቲማቲም ሰላጣ ግን የቃሪያው ቃና ስላለበት ከአዲሱ ይበልጣል።